ቧሂት ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለማየት፦ ከጨነቅ ሌሊት ተነስቶ ተራራ የመውጣት መመሪያ

ከፍተኛ ተራራ ላይ ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ ማየት የሚፈልግ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ራስ ደጀን ነው። ስሙ ትልቅ ነው፤ ቁመቱም 4,550 ሜትር ገደማ ስለሆነ በኢትዮጵያ የሚበልጠው የለም። ለዚህ ጉዳይ ግን እኔ የምመክረው ጎረቤቱን ቧሂትን ነው። ራስ ደጀንን የሚወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያድሩበት አምቢቆ 3,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ ተነስቶ ንጋትን ጫፉ ላይ ለመቀበል 1,350 ሜትር ያህል ዳገት በጨለማ መግፋት ያስፈልጋል፤ እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ መጀመር ማለት ነው። ቧሂት 4,430 ሜትር ገደማ ሲሆን ከሥሩ ያለው የጨነቅ ካምፕ 3,620 ሜትር ላይ ነው። ልዩነቱ 800 ሜትር ነው፣ በዝግታ ቢሄዱት ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚያ ላይ ከቧሂት ሆናችሁ ወደ ምሥራቅ ስታዩ ከሸለቆው ማዶ የተደረደሩት የራስ ደጀን ተራሮች ናቸው። ራስ ደጀን ላይ የቆመ ሰው ራስ ደጀንን አያየውም።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል። እዚህ ጉዞ ላይ ሰው የሚሸነፈው ዳገቱ ላይ አይደለም፣ ጫፉ ላይ ነው። ጓጉቶ በጣም ቀድሞ ይነሳል፣ ላብ በላብ ሆኖ ይደርሳል፣ ከዚያ በነፋስ መሀል አንድ ሰዓት ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ይጠብቃል፤ ሰማዩ ሊቀላ ሲል «በቃኝ» ብሎ ይወርዳል። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ይህ እንዳይደርስባችሁ የተጻፈ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ መንገዱ ክፍት ነው?

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት ምክንያት የሰሜን ተራሮች ጉዞ በሰላሙ ጊዜ እንደነበረው ትኬት ቆርጦ የሚነሱበት አይደለም። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ እዚያው ካሉ አስጎብኚዎችም አንዱን በስልክ አግኙ። ጎንደር ከገባችሁ በኋላ ደግሞ በዚያው ሳምንት ወደ ደባርቅ የተመላለሰ ሾፌር ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ሾፌር የሚነግራችሁ የትናንቱን ነው፣ ቢሮ የሚነግራችሁ አንዳንዴ የወር በፊቱን ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሾፌሩን እመኑ። «አይመከርም» ከተባላችሁ ደግሞ አትከራከሩ፤ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ሰሜን ካልተቻለ ከዚህ በታች ያለውን ዘዴ ባሌ ላይ መጠቀም ይቻላል። በሳነቴ አምባ ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪና ጫፉ ድረስ ስለሚወጣ በእግር የሚሄዱትን ርቀት ራሳችሁ ትመርጣላችሁ። ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ዝቋላ ደግሞ 2,989 ሜትር ነው። ብርዱም ትንፋሹም ቀለል ይላል። ገዳም መሆኑን ግን አትርሱ፤ ፈቃድ ጠይቁ፣ ሙዚቃና መጠጥ ይዛችሁ አትሂዱ።

ወሩንና ጨረቃውን መምረጥ

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ከሁሉ ይሻላል። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቁ ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሣሩም ገና አልደረቀም። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ክፍት ነው፣ ብርዱ ግን ይከፋል። ከየካቲት በኋላ አቧራና ጭጋጉ እየጨመረ ስለሚሄድ ፀሐይዋ ከአድማስ ሳይሆን ከደበዘዘ መጋረጃ ኋላ ነው የምትወጣው። በክረምት አትሞክሩት፤ ጭቃው አንድ ነገር ነው፣ ደመናው ሌላ ነገር ነው፣ በዚያ ከፍታ የሚጥለው በረዶ ደግሞ ሌላ።

ጥምቀትን ለማክበር ጎንደር የሚመጡ ብዙ ናቸው፣ በተለይ ከውጭ አገር። ከጥር 11 በኋላ ባለው ሳምንት ወደ ተራራው መሻገር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ በበዓሉ ቀናት ሰውነታችሁ ከጎንደር ከፍታ ጋር ትንሽ ይላመዳል። መኪናና አስጎብኚ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ጨረቃን በተመለከተ ብዙ ሰው «ጨረቃ ያለበት ሳምንት ይሁን» ብሎ ያልፈዋል። ጉዳዩ ግን የትኛው ሳምንት መሆኑ ላይ ነው። ገና እየሞላች ያለች ጨረቃ አመሻሽ ላይ ደምቃ ታይታ ብዙውን ጊዜ እናንተ ከመነሳታችሁ በፊት ትጠልቃለች። ለእናንተ የምትጠቅመው ሙሉ ከሆነችበት ሌሊት ጀምሮ እስከ ሳምንቱ ያለችው ናት፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ንጋት ሰማይ ላይ ትቆያለች። ከዋክብት ማየት የሚፈልግ ካለ ደግሞ ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ይምረጥ፣ ባትሪውንም ያጠናክር።

ከፍታውን መልመድ

ቧሂት ጫፍ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 40 በመቶ ያህል ያንሳል። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚውልና ስለሚያድር ትንሽ ብልጫ አለው። ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ግን፣ ስፖርተኛ ቢሆንም እንኳ፣ በዚህ ነገር ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ጉልበትና ከፍታ መልመድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም በከፍታ በሽታ ቶሎ የሚያዘው በጉልበቱ ተማምኖ የሚሮጠው ወጣት ነው።

የታወቀው ደንብ እንዲህ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ መብለጥ የለበትም። በቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ማታ ዝቅ ብሎ መተኛት ደግሞ ይበልጥ ያግዛል። የፓርኩ የተለመደ መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው፦

1. ጎንደር አንድ ወይም ሁለት ሌሊት እደሩ። ከባሕር ጠለል የመጣ ሰው ከዚያ በፊት አዲስ አበባም ሁለት ሌሊት ይደር።
2. ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደባርቅ ላይ ተመዝግባችሁ ክፍያውን ፈጽሙ፤ ታጣቂ እስካውት ግዴታ ስለሆነ እዚያው ይመደብላችኋል። ከዚያ ሳንቃበር እደሩ (3,250 ሜትር)።
3. በጅንባር ፏፏቴ በኩል በእግር ወደ ግጭ ሂዱና እደሩ (3,600 ሜትር)።
4. ከግጭ በእመት ጎጎ (3,926 ሜትር) እና በእናትዬ (4,070 ሜትር) አድርጋችሁ ወደ ጨነቅ ውረዱ። ይህ ቀን ረጅም ነው፣ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ 3,620 ላይ ስለምትተኙ ከሁሉም የሚጠቅማችሁ እሱ ነው።
5. በማግሥቱ ጨነቅ ላይ ዋሉ። ተራራውን የምትወጡት በዚያ ሌሊት ነው።

ሁለት ቀን ብቻ ያለው ሰው በመኪና ቀጥታ ጨነቅ ገብቶ በዚያው ሌሊት ልውጣ ሊል ይችላል። መኪና ጨነቅ ስለሚደርስ መንገዱ ይፈቅዳል፣ ሳንባው ግን አይፈቅድም። ጊዜ ካጠራችሁ ግጭን ዝለሉ፣ ጨነቅ ላይ ሁለት ሌሊት ማደሩን ግን አትዝለሉ።

ደባርቅ ላይ ስትመዘገቡ ሌሊት የመውጣት ሐሳብ እንዳላችሁ በግልጽ ተናገሩ። አስጎብኚውም እስካውቱም መስማማት አለባቸው። ካምፕ ከገቡ በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «ለካ 9 ሰዓት ልንነሳ ነው» የሚል ዜና ማንንም አያስደስትም። እስካውቱ ወፍራም ልብስና ባትሪ እንዳለው እናንተው ጠይቁት፤ ከሌለው ከጎንደር ገበያ ገዝታችሁ ያዙለት። አብሯችሁ ጫፉ ላይ የሚቆም ሰው ነው።

ልብስ

ጨነቅ ላይ በደረቁ ወራት ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። ቧሂት ጫፍ ላይ ከዚያ አምስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ ሰውነት የሚሰማው ከዚህም የከፋ ነው። ስለዚህ ልብሳችሁን በሁለት ክፈሉት፦ ለመውጫና ለመጠበቂያ።

ለመውጫ ቀጭን ነገር ይበቃል። ላብ ቶሎ የሚያደርቅ ካናቴራ፣ ሹራብ፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት። ጥጥ ካናቴራ ተዉት፤ ላብ ከጠጣ አይደርቅም፣ ስትቆሙ ደረታችሁ ላይ ይበርዳል። ጂንስ ሱሪም እንደዚሁ።

ለመጠበቂያው ግን ያላችሁን ሁሉ ያዙ፦ ወፍራም ጃኬት፣ ሁለተኛ ጓንት፣ ደረቅ ካልሲ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ደረቅ የውስጥ ካናቴራ በፌስታል ተጠቅልሎ። ጋቢ መያዝ ያስቃል የሚል ካለ ይሳቅ። ደረቅ ጋቢ ከጃኬት በላይ ተከናንቦ ድንጋይ ተደግፎ የሚቀመጥ ሰው ጫፉ ላይ ከሁሉ የተሻለ ነው። ለመንገድ ግን ከባድ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።

ጫማው ቀድሞ የለመዳችሁት ይሁን። አዲስ ጫማ ይዞ ተራራ መውጣት እግርን ይልጣል። ዱላ ወይም ከዘራ አንድ ያዙ፤ ሽቅብ ያን ያህል አያስፈልግም፣ ቁልቁል ግን ጉልበታችሁን ያድናል።

የግንባር ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ያስፈልጋል። የስልክ መብራት አይሆንም፦ አንድ እጅ ይይዛል፣ በብርድ ደግሞ የስልክ ባትሪ ከግማሽ በላይ እያለው ድንገት ይጠፋል። ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ገላችሁ አጠገብ በውስጥ ኪስ አድርጉ።

ምግብና ውኃ

ከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ማንም አይርበውም። ቢሆንም ባዶ ሆድ 800 ሜትር አያወጣም። ለዚህ ከበሶ የተሻለ ነገር አላውቅም። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በሶውን በትንሽ ውኃና በማር ወይም በስኳር ጠንከር አድርጋችሁ አሹት፤ ጭብጦ እያደረጋችሁ እንቁላል በሚያህል መጠን ጠቅልሉና እያንዳንዱን በወረቀት አድርጉ። ጓንት ሳታወልቁ በአንድ እጅ የምትጎርሱት መሆን አለበት። ከተነሳችሁ በኋላ አንድ፣ መንገድ ላይ በየሰዓቱ አንድ። ነገሩ ሁሉ የጾም ስለሆነ የገና ጾም ላይ ለሚወጣም አያስቸግርም። ቆሎና ዳቦ ቆሎም ጥሩ ናቸው፤ ቆሎ ግን ትንፋሽ እያጠረ ለማኘክ ስለሚያደክም ለጫፉ አቆዩት።

ውኃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ያዙ። ማታ አፍልታችሁ በሙቁ ወደ ጠርሙሱ አስገቡት፤ ጠርሙሱን በካልሲ ሸፍናችሁ ቦርሳ ውስጥ በአፉ ዘቅዝቁት። ውኃ መርጋት የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ዘቅዝቃችሁ የያዛችሁት ጠርሙስ አፉ አይዘጋም። አንድ ፔርሙዝ ደግሞ ዝንጅብል የገባበት ጣፋጭ ሻይ ሞልታችሁ ያዙ፣ ጫፍ ሳትደርሱም አትክፈቱት።

አረቄ፣ ቢራ፣ የእንቅልፍ ኪኒን በዚያ ምሽት አይነኩም። «ለብርድ» የሚባለው አረቄ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ ሙቀትን ከሰውነት የሚያስወጣ ነው፤ ሌሊት በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽንም ያዘገያል።

ሰዓቱን ከኋላ ወደፊት ቁጠሩ

ብዙ ሰው «ስንት ሰዓት እንነሳ?» ብሎ ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን «ፀሐይ ስንት ሰዓት ትወጣለች?» ከሚለው ነው። በሰሜን ተራሮች በጥቅምት አጋማሽ 12 ሰዓት ከ20 ገደማ ትወጣለች፣ በኅዳር አጋማሽ 12 ተኩል፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 12 ከ45፣ በጥር አጋማሽ ደግሞ ለ1 ሰዓት አምስት ጉዳይ ገደማ። ጥቅምትና ጥር መካከል ከግማሽ ሰዓት በላይ ልዩነት አለ፤ ያ ግማሽ ሰዓት ብርድ ላይ የሚቆጠር ነው።

ፀሐይዋ ብቅ ከማለቷ በፊት ያለው ቀለም ከፀሐይዋ ይበልጣል፣ ስለዚህ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ጫፉ ላይ ሁኑ። ከዚያ ሦስት ሰዓት ለመንገድ ቀንሱ። ለታኅሣሥ አጋማሽ ሲሰላ፦ ፀሐይ 12 ከ45፣ ጫፍ መድረሻ 12 ከ10፣ ከካምፕ መነሻ 9 ከ10፣ ከእንቅልፍ መንቂያ 8 ተኩል። ቡድኑ ውስጥ ዘገምተኛ ካለ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። ከዚያ በላይ ቀድማችሁ አትነሱ። አስጎብኚው «ለማንኛውም 7 ሰዓት እንነሳ» ቢላችሁ ምክንያቱን ጠይቁት።

እግረ መንገዴን፦ ከውጭ የመጣ ሰው አብሯችሁ ካለ ስልኩ ላይ የሞላውን ሰዓት በዓይናችሁ እዩት። «ዘጠኝ ሰዓት» ሲባል 9:00 ሞልቶ ተረጋግቶ የሚተኛ አለ። በእሱ ስልክ 3:00 መሆን አለበት።

የዋዜማው ምሽት

ከሰዓት በኋላ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ከአስጎብኚው ጋር የመንገዱን መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ ተመለሱ። በቀን ያያችሁት መንገድ በጨለማ ግማሹ የታወቀ ነው። በሰሜን በኩል ያለው አፋፍ የት እንደሆነ በደንብ እዩ፤ ሰሜን ላይ ገደሉ ቀልድ አያውቅም፣ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው።

እራት ከመሸ በኋላ አይሁን፤ 12 ሰዓት ላይ ብሉና 2 ሰዓት ሳይሞላ ተኙ። ቦርሳው ማታውኑ ይታሰር። ሌሊት የምትለብሱትን ካናቴራና ካልሲ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ከእግራችሁ ጋር አስገቡ፤ ስትነሱ ሞቆ ይጠብቃችኋል። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፣ አይጡም ጅቡም አይቀርለትም። እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ አትጨነቁ፤ በዚያ ከፍታ ቁርጥርጥ ያለ እንቅልፍ የተለመደ ነው፣ ጋደም ማለቱ ራሱ ያሳርፋል።

መውጣት

ከካምፕ ስትነሱ ትንሽ ሊበርዳችሁ ይገባል። ሞቆት የተነሳ ሰው ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላብ ያጠምቀዋል። ላብ ሊጀምራችሁ ሲል «እስቲ አንዴ» ብላችሁ ቁሙና አንድ ልብስ ቀንሱ። ማፈር የለም፤ ሌላውም ልክ እንደእናንተ ሊያወልቅ ፈልጎ ነው።

ሰልፉ እንዲህ ይሁን፦ አስጎብኚው ከፊት፣ ቀጥሎ ከሁሉ ዝግ ብሎ የሚሄደው ሰው፣ እስካውቱ ከኋላ። የሁሉም ፍጥነት የዘገምተኛው ፍጥነት ነው። መለኪያው ወሬ ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጡ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ዕረፍት ይበቃል፣ ከዚያ ከበለጠ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ባትሪያችሁን እግራችሁ ፊት ላይ ብቻ አብሩ። ስትነጋገሩ የሰው ዓይን ላይ አታብሩበት፤ ጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ ከታወረ መልሶ ለማየት ብዙ ደቂቃ ይወስድበታል።

መንገዱ መጀመሪያ ላይ በጓሳ ሣርና በጅባራ መሀል ነው። ጅባራ በጨለማ ሰው ይመስላል፤ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ረጅም ሰው። ወደ 4,200 ሜትር አካባቢ ማለፊያው ላይ ስትደርሱ ነፋሱ በአንዴ ይቀየራል። ከማለፊያው በታች፣ ገና መከለያ ሳለ፣ ጃኬት ልበሱ፣ ጭብጦ ጉረሱ፣ ሽንታችሁን ጨርሱ። ከማለፊያው ወደ ጫፍ ያለው ድንጋያማ ነው፤ አንዱ ሲረግጠው ወደ ኋለኛው የሚንከባለል ድንጋይ ስላለ እዚህ ላይ ተራርቃችሁ ሂዱ። ሰዓታችሁንም እዩ። ቀድማችሁ ከደረሳችሁ የምትጠብቁት እዚሁ ከነፋሱ ተከልላችሁ እንጂ ጫፉ ላይ አይደለም።

ማን ይመለስ?

ትንሽ ራስ ምታት፣ የምግብ መጥላት፣ የትንፋሽ ማጠር በዚህ ከፍታ ይጠበቃሉ። ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ማስመለስ ከመጣ፣ ወይም ሰውየው ዝም ማለትና ወደኋላ መቅረት ከጀመረ መውጣቱ ለእሱ አብቅቷል። አንዱን እግር ከሌላው ፊት ተረከዝን ከጣት አያይዞ በቀጥታ መስመር እንዲሄድ አድርጉት። እንደሰከረ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረውና የማያቋርጥ ሳል ካለበት ይህ አደጋ ነው። ንጋትን አትጠብቁ፤ ወዲያው ውረዱ፣ ካምፕ ላይም አትቁሙ፣ በመኪና እስከ ደባርቅና ከዚያም በታች ይወሰድ። ለከፍታ በሽታ ፍቱኑ መድኃኒት መውረድ ነው።

ዳያሞክስ የሚባለውን ኪኒን አስቀድመው የሚወስዱ አሉ። ይጠቅማል፣ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይደለም፤ በተለይ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው። የልብ ሕመም ያለበት፣ የደም ማነስ ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም ከአገሩ ሳይነሳ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አንድ ሰው ሲመለስ ብቻውን አይመለስም። ስለዚህ ከአራት ሰው በላይ ከሆናችሁ ከመጀመሪያውኑ ሁለት መንገድ የሚያውቁ ሰዎች ይኑሩ። ይህን ጨነቅ ላይ ሆናችሁ ወስኑ፤ በ4,300 ሜትር ላይ የሚደረግ ውይይት ሁሉ ጠብ ይሆናል።

ጫፉ ላይ

እንደደረሳችሁ ፎቶ የለም፣ ቁጭ ማለት የለም። መጀመሪያ ከአለት ጀርባ ተከለሉ። ጃኬቱን ክፈቱ፣ እርጥቡን ካናቴራ አውልቁ፣ ደረቁን ልበሱ። ለግማሽ ደቂቃ ያህል እርቃናችሁን ነፋስ ይመታዋል፤ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ከዚያ ደረቁ ካናቴራ ገላችሁ ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ ከሆዳችሁ ተነስቶ ወደ እጃችሁ ሲሄድ ይታወቃችኋል። ካልሲም ቀይሩ። ከዚያ ያመጣችሁትን ሁሉ ደርቡ፣ ቦርሳውን ከሥራችሁ አንጥፉና ተቀመጡ፣ ፔርሙዙን አሁን ክፈቱ። ይህን የሚያደርግ ሰው አርባ ደቂቃውን ይችለዋል፣ የማያደርግ አይችለውም።

በምሥራቅ በኩል መጀመሪያ የሚለየው የራስ ደጀን ተራሮች ጠርዝ ነው፤ ከኋላው ሰማዩ ብርቱካናማ ሲሆን እሱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ታች የመሸሃ ሸለቆ ገና ሌሊት ነው።

ሁሉም ሰው ወደ ምሥራቅ አፍጥጦ ይቀራል። እናንተ ፀሐይ ልትወጣ አሥር ደቂቃ ሲቀራት ወደ ምዕራብ ዙሩ። አድማሱ ላይ ግራጫ ሰማያዊ ንጣፍ፣ ከሱ በላይ ደግሞ ሮዝ መቀነት ታያላችሁ። ግራጫው ምድር ራሷ በአየሩ ላይ የጣለችው ጥላ ነው፤ ፀሐይዋ ስትቀርብ ወደ ታች እየሰመጠ ይጠፋል። ፀሐይዋ ከወጣች በኋላ ደግሞ፣ አየሩ ላይ ትንሽ ጭጋግ ካለ፣ የተራራው የራሱ ጥላ በግጭ በኩል ባለው አምባ ላይ ሾጣጣ ሆኖ ይዘረጋል። ይህን የሚያየው ዞሮ የተመለከተ ብቻ ነው።

ለፎቶ፦ በስልክ ስታነሱ ሰማዩ ላይ ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱት፣ አለዚያ ቀለሙ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በካሜራ መነጽር በኩል ፀሐይን በቀጥታ አትመልከቱ። ካሜራውን ከብርድ ወደ ሞቀ ጃኬት ውስጥ መክተት መስታወቱን ያላበዋል፤ ውጭ ይቆይ፣ ባትሪው ብቻ ኪስ ይግባ። ድሮን ልናስነሳ የምትሉ ከፓርኩ ፈቃድ ሳትይዙ አታስቡት።

መውረድ

ፀሐይ ከወጣች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ስለሚመጣ የደረባችሁትን እያወለቃችሁ ውረዱ። ብዙ ሰው የሚወድቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ደክሟል፣ ደስ ብሎታል፣ ሐሳቡ ቁርስ ላይ ነው። የጫማችሁን ማሰሪያ ከቁርጭምጭሚቱ በኩል አጥብቁ፣ አለዚያ ጣታችሁ ከፊት እየተጋጨ ጥፍራችሁ ይጠቁራል። እርምጃው አጭር ይሁን፣ ዱላው ቀድሞ ይረፍ። በዚህ ከፍታ የጠዋት ፀሐይ ሳይታወቅ ቆዳን ስለሚያቃጥል ቅባትና መነጽር አሁን አውጡ፤ ጠይም ቆዳም ይቃጠላል።

ድምፃችሁን ቀንሳችሁ ከወረዳችሁ ከጨነቅ በላይ ባለው ተረተር ላይ ዋልያ የማየት ዕድላችሁ ጥሩ ነው። ጭላዳዎቹም ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ የሚሞቁት በዚህ ሰዓት ነው። ካያችኋቸው ቁጭ ብላችሁ እነሱ እንዲያልፉ ጠብቁ፤ ምግብ ግን አትስጡ፣ ዳቦ ቆሎም ቢሆን።

ካምፕ ስትደርሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ይሆናል። በሉ፣ ጠጡ፣ ሁለት ሰዓት ተኙ። በዚያው ቀን ጎንደር ለመግባት ካሰባችሁ ሾፌሩ ሌሊቱን ተኝቶ ማደሩን አረጋግጡ፤ ከጨነቅ እስከ ደባርቅ ያለው ጠጠር መንገድ እንቅልፋም ሾፌር የሚነዳበት አይደለም። ፌስታላችሁንና የጠርሙስ ክዳን ሳይቀር ለቅማችሁ ይዛችሁ ውረዱ። ለእስካውቱ፣ ለአብሳዩና ለባለ በቅሎው ጉርሻ የምትሰጡ ከሆነ በአንድ ሰው በኩል ሳይሆን ለየራሳቸው በእጃቸው ስጡ።